የላሊበላ ስውር ውሃ

ስለ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድሙ ጥያቄዎች አሉ። ማን ፈለፈላቸው? ስንት ዓመት ፈጀ? ተፈልፍሎ የወጣው ድንጋይ የት ገባ? ስለ ውሃው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቤተ ጊዮርጊስ የቆመው 12 ሜትር ገደማ ወደ ታች በተቆፈረ ጉድጓድ መካከል ነው። በላስታ ደጋ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ይዘንባል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ በአንድ ክረምት ሞልቶ ኩሬ መሆን ነበረበት። እሱ ግን ስምንት መቶ ዓመት ያህል ሲቀደስበት ኖሯል።

መልሱ ጎብኚ ረግጦት በሚያልፈው፣ ነገር ግን ልብ በማይለው ቦታ ነው ያለው። በቦዮቹ፣ በወለሉ ዝንባሌ፣ በጣሪያው አሸንዳና በዋሻዎቹ ውስጥ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ላሊበላን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ብቻ አይደለም፤ ሰፊ የፍሳሽ ቦዮችና የመተላለፊያ መንገዶች የቅርሱ አካል ሆነው ተጠቅሰዋል። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ስለነዚህ ቦዮችና ስለ አካባቢው ውሃ ምን እንደታወቀ፣ ምን እንደተባለና ምን እንደተደረገ ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ልናገር፤ ላሊበላን እስከ ዛሬ ያቆየው ትልቁ ሥራ የውሃ መንገዱ ነው፤ ባለፉት መቶ ዓመታት ከተደረጉት ጥገናዎች አብዛኞቹ የተሳሳቱትም ይህን ሁለተኛ ጉዳይ ስላደረጉት ነው።

በመጀመሪያ መሬቱን እንይ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በታች በተዳፋት ላይ ተቀምጣለች። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ መንገዱ በእሷ በኩል ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉት ከእሳተ ገሞራ በወጣ፣ ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች በተሞላ ባዛልት ላይ ነው። አስፋወሰን አስራትና ዮዲት አያሌው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት የሥነ ምድር ጥናት እንደሚታየው፣ ድንጋዩን ለመሮና ለመጥረቢያ የተመቸ ያደረገው ባሕርዩና ለጉዳት ያጋለጠው ባሕርዩ አንድ ነው። ልልና ባለ ቀዳዳ መሆኑ ለፈልፋዩ በጀው፤ ያው ቀዳዳ ግን ውሃ ያስገባል፣ ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ እየተፈረፈረ ይወድቃል። በላዩ ላይ የተፈጥሮ ስንጥቆች ሲጨመሩበት ዝናቡ በጣሪያ ብቻ ሳይሆን በግድግዳና በመሠረትም በኩል ይገባል።

ይህን ድንጋይ የመረጡት ሰዎች ጠባዩን ያውቁት እንደነበር ሥራቸው ይናገራል። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው አንዱ በሌላው ውስጥ በተቀረጹት ሦስት መስቀሎች ላይ ነው። መስቀሎቹ ጌጥ ናቸው፤ ጣሪያው ግን ለዝናቡ መውጫ ጭምር ታስቦ ነው የተቀረጸው። በመስቀሉ ክንዶች ጫፍ ላይ ከዚያው ከቋጥኙ የወጡ አሸንዳዎች አሉ፤ ውሃው ግድግዳውን እየላሰ እንዳይወርድ ራቅ አድርገው ይወረውሩታል። ከታች ደግሞ ሕንፃው በደረጃ ከፍ ባለ መሠረት ላይ ስለቆመ ከግቢው ወለል የሚፈናጠቀው ጠፈጠፍ የግድግዳውን እግር ቶሎ አያገኘውም። ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ደግሞ ጣሪያቸው በሁለት ወገን ተዳፋት ሆኖ የተቀረጸ ነው። ክብደት የሚሸከም እንጨትና ሣር በሌለበት፣ ሁሉም ነገር አንድ ቋጥኝ በሆነበት ሥራ፣ ጣሪያን እንዲህ ማዝመም የግድ አልነበረም። የተደረገው ለዝናቡ ሲባል ነው።

ከጣሪያው ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ቦዩ ነው። ነገሩን በሠራተኞቹ ቦታ ሆነን እናስበው። በተዳፋት ላይ ጉድጓድ እየቆፈርክ ነው፤ ሥራው በአንድ በጋ አያልቅም። ሰኔ ሲገባ የቆፈርከው ሁሉ ይሞላል። ስለዚህ ከታችኛው ወገን መውጫ ሳትከፍት ወደ ታች መዝለቅ አትችልም። ያ መውጫ ፍርስራሹን ለማውጣትም ያገለግልሃል፤ ቀጥሎም የምእመናን መግቢያ ይሆናል። በዚህ አካሄድ ቦዩ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የተጨመረ ነገር ሳይሆን ከሕንፃው ጋር፣ ምናልባትም ከሱ ቀድሞ የተፀነሰ ነው። በሰሜኑ ክፍል ያሉት ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል፤ በምሥራቁ ክፍል ያሉት ቤተ አማኑኤል፣ ቤተ መርቆሬዎስ፣ ቤተ አባ ሊባኖስ፣ ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ልሔም፤ ሁለቱም ወገኖች በቦይና በዋሻ የተያያዙ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ወንዝ ዮርዳኖስ ነው። በጋውን ሲደርቅ ለመስቀሉ ዓምድ ማቆሚያና ለጎብኚ ፎቶ መነሻ ብቻ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን የግቢዎቹ ሁሉ ውሃ የሚሰበሰብበት ዋናው መውረጃ እሱ ነው።

ክሌር ቦስ-ቲዬሴና ማሪ-ሎር ደራ የተካፈሉበት የአርኪዮሎጂ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት ለዚህ ጉዳይ አንድ ትልቅ ነገር ጨምሯል። ቦታው በአንድ ጊዜ ታቅዶ የተፈለፈለ ሳይሆን በተለያየ ዘመን እየተፈለፈለ፣ እየተስተካከለና እየጠለቀ የመጣ መሆኑን በድንጋዩ ላይ ከቀሩት ምልክቶች አሳይተዋል። በአንዳንድ ግድግዳዎች ላይ ዛሬ ሰው ሊደርስባቸው የማይችል፣ በአየር ላይ የቀሩ በሮች ይታያሉ፤ ድሮ ወለሉ እዚያ ድረስ ስለነበረ ነው። ከውሃ አንጻር ይህ ምን ማለት ነው? ወለል በጠለቀ ቁጥር መውጫውም አብሮ መጥለቅ ነበረበት። አንድ ግቢ ዝቅ ሲደረግ ከሱ በታች ያለው ቦይ ሁሉ እንደገና ይታሰባል። እያንዳንዱ ትውልድ ከሱ በፊት የነበረውን የውሃ መንገድ አንብቦ፣ ተረድቶ ነው የቀጠለው። እኛ ያቃተን ይኼ ነው።

ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ፊት ለፊቱ ጥልቅ ገደል የሚመስል ቦይ አለ፤ መግቢያው በላዩ በተዘረጋ ድልድይ ነው፤ ከታች ደግሞ የውሃ ጉድጓድ አለ። የአርኪዮሎጂ ሊቁ ዴቪድ ፊሊፕሰን ይህ ሕንፃና ቤተ መርቆሬዎስ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያንነት ሳይሆን ለሌላ አገልግሎት ተሠርተው ኋላ የተለወጡ ናቸው ብሎ ያምናል። የተመሸገ መኖሪያ ከነበረ ውሃ ከውስጡ ማግኘት ነበረበት፤ ጠላት ከብቦህ ወንዝ ወርደህ አትቀዳም። ስለዚህ የቦዩ ሥራ በዚህ ቦታ ውሃ ማስወጣት ብቻ ሳይሆን ውሃ ማስቀረትም ነበር።

ከዚህ በመነሳት የበለጠ ርቀው የሄዱ አሉ። በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሥነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር የሆነው ማርክ ጃርዞምቤክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ ላሊበላን እንደ ውሃ ምሕንድስና ሥራ አነበበው። ከብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ የሚገኙት ጉድጓዶችና ኩሬዎች የሚሞሉት ከምድር ውስጥ በራሱ ግፊት ወደ ላይ በሚወጣ ውሃ ነው፤ ፈልፋዮቹም ይህን አውቀው ተጠቅመውበታል ይላል። ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ ንጉሥ ላሊበላን ከቅድስናው ጋር የውሃ መሐንዲስ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ግን ለዚህ ሁሉ ክብደት የሚበቃ ልኬት ያስፈልገዋል፤ ልኬቱም ከባድ አይደለም። በቤተ ገብርኤል ጉድጓድ፣ በቤተ ማርያምና በቤተ ጊዮርጊስ ኩሬዎች የውሃውን ከፍታ በየወሩ መመዝገብና ከዝናቡ መጠን ጋር ማስተያየት ነው። በመስከረም ሞልቶ በግንቦት የሚጎድል ከሆነ ውሃው ዝናብና ስርገት ነው። በጋውን ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ የማይል ከሆነ የጃርዞምቤክ ሐሳብ ይጠነክራል። አንድ መምህርና አንድ ክፍል ተማሪ በዓመት ውስጥ ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው።

ንጉሥ ላሊበላን ከውሃ ጋር ማያያዝ ግን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1790 መጽሐፉን ያሳተመው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ንጉሡ ወደ ግብፅ የሚወርደውን ውሃ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊመልስ አስቦ እንደነበር የሚናገር ትውፊት ጽፏል። ታሪኩን እንደ ታሪክ የምቀበለው አይደለሁም። አንድ ነገር ግን እውነት ነው፤ ከላሊበላ ቦዮች የሚወርደው ዝናብ ወደ ተከዜ፣ ከተከዜ ወደ አትባራ፣ ከአትባራ ወደ ዓባይ ይሄዳል። የቤተ ጊዮርጊስ ጠፈጠፍም ግብፅ ይደርሳል።

አሁን ወደ ኩሬዎቹ እንለፍ። በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ከቋጥኙ የተፈለፈለ ጥልቅ የጸበል ኩሬ አለ። ልጅ ያልወለዱ እናቶች በገና ሰሞን በገመድ ተይዘው እየወረዱ ይጠመቁበታል። ውሃው ቆሞ የሚኖር በመሆኑ ገጹን አረንጓዴ ተክል ሸፍኖት ነው የሚታየው። የቆመ ውሃ የሚያመጣውን ችግር በቤታቸው የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ የሚያሳድጉ ሰዎች በቅርብ ያውቁታል። ጨዋማው ውሃ ካልተንቀሳቀሰ ከላይ የሚገባው ኦክስጅን ወደ ታች አይደርስም፤ የምግብ ትራፊው ጥግ ለጥግ ይከማቻል፤ ዓሣውም ኮራሉም ያልቃል። ስለዚህ ፓምፑን ከድንጋዩ ጀርባ፣ ቱቦውን ከአሸዋው ሥር፣ ማጣሪያውን ከገንዳው በታች ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይደብቁታል። እንግዳ የሚያየው ዓሣውን ብቻ ነው፤ ዓሣውን ያኖረው ግን የተደበቀው ነው። መብራት በጠፋ ቀን ልዩነቱ ይታወቃል። በላሊበላ ፓምፑ ተዳፋቱ ነው። ከነሐሴ 2021 ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከተማዋን ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ሲያስቀራት በሞተር የሚሳብ ውሃ ለነዋሪው ብርቅ ሆኖ ነበር። የአብያተ ክርስቲያናቱ ቦይ ግን ክረምቱን እንደ ወትሮው አሳለፈ፤ ከምድር ስበት በቀር የሚጠይቀው ኃይል የለውማ።

በዚህ ረገድ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዋሻው ጣሪያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ይንጠባጠባል። ከየጠብታው ሥር የተቦረቦሩ ድንጋዮች ተቀምጠዋል፤ የተጠራቀመው ውሃ ጸበል ነው። ቆሞ ለሚያዳምጥ ሰው ጠብታው ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው የሚለያይ ድምፅ አለው፤ የሞላውና ያልሞላው ድንጋይ አንድ ዓይነት አይጮህም። በክረምት ተራራው ላይ የወረደው ዝናብ በቋጥኙ ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ ቀስ እያለ ሰርጎ ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል፤ ለዚህ ነው መጋቢትና ሚያዝያ እንኳ የማይቋረጠው። እዚህ ሰው ያደረገው ነገር ቢኖር ድንጋይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ግን ምን ያህል ማስተዋል ነው! ውሃውን አላሳደደውም፣ አልዘጋበትም፤ የሚወድቅበትን ቦታ አይቶ ተቀበለው።

ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ ሌላ መልስ ይዟል። ከላሊበላ በፊት የተሠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን በዋሻ ውስጥ፣ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ በአክሱም ሥርዓት የታነጸ ነው። የቆመበት መሬት ረግረግ እንደነበረና መሠረቱ በእንጨት ርብራብ ላይ እንደተጣለ የአካባቢው ሰው ያስረዳል። በላስታ ምድር እንግዲህ ሦስት ዓይነት ብልሃት ጎን ለጎን አለ። ይምርሐነ ክርስቶስ በውሃ ላይ ቆመ፤ ነአኩቶ ለአብ ውሃ ተቀበለ፤ ላሊበላ ውሃ አሳለፈ።

ጉዳቱ የጀመረው የማሳለፉ ሥራ ሲተጓጎል ነው። ዩኔስኮ ራሱ እንደሚለው ቦዮቹ ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ቆይተዋል፤ የተጠረጉት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥም አናግቷቸዋል፤ በዚህ ሳቢያ ሕንፃዎቹ በውሃ ክፉኛ ተጎድተዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ደለል የያዘው ቦይ ውሃውን ከማሳለፍ ይልቅ ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመው ውሃ ባለ ቀዳዳውን ድንጋይ ከእግሩ ጀምሮ ያረሰርሰዋል፤ እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲተን ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው የድንጋዩን ቆዳ ይልጠዋል። ጣሪያው ፍጹም ደህና ቢሆን እንኳ ሕንፃው ከታች ይበላል ማለት ነው።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው መድኃኒት ሬንጅ ነበር። ጣሪያውና ግድግዳው በሬንጅ ተለቅልቆ ቀይ ቀለም ተቀባ። ውሃ እንዳይገባ ታስቦ ነበር፤ የገባው ውሃ እንዳይወጣ አደረገ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ፣ ዛሬ የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ተብሎ በሚታወቀው ድርጅት ድጋፍ፣ ያን ሬንጅ በማስላጥ ብዙ ደክሟል። ከዘመናዊ ጥገናዎች ሁሉ ለእኔ ይኼኛው የላቀ ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩ እንዲተነፍስ ፈቀደለት።

ቀጥሎ የመጡት መጠለያዎች ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁት አራት ግዙፍ መጠለያዎች አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ማለትም መድኃኔ ዓለምን፣ ማርያምንና መስቀልን፣ አማኑኤልን፣ አባ ሊባኖስን ከዝናብ ጋርደዋል። ጊዜያዊ ተብለው ነው የተተከሉት። ከሰማይ የሚወርደውን ዝናብ ማስቆማቸው አይካድም፤ በዚያ ጊዜ ባይተከሉ ኖሮ አንዳንዱ ጣሪያ ዛሬ ላይኖር ይችል ነበር። ነገር ግን ክብደታቸውና በነፋስ መወዛወዛቸው ካህናቱንና ነዋሪውን አሳሰበ፤ ጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ቅርሳችን ሊፈርስ ነው ብሎ ጮኸ። በመጋቢት 2019 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ ተገኝተው ድጋፍ ቃል ገቡ፤ ከዚያም የኢትዮጵያና የፈረንሳይ የጋራ ፕሮጀክት ተጀመረ።

በክርክሩ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ መጠለያውን ነው ያየው፤ ይነሳ ወይስ ይቆይ እየተባለ። ወደ ታች ያየ ጥቂት ነው። መጠለያ የሚመልሰው ከላይ የሚመጣውን ውሃ ብቻ ነው። ከተራራው በምድር ውስጥ የሚሰርገውን፣ ከከተማው የሚወርደውን፣ ከመጠለያው ጠርዝ ራሱ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚወርደውን አይመልስም። ከተማዋ ደግሞ እንደ ድሮዋ አይደለችም። በሣር ክዳን ፋንታ ቆርቆሮ፣ በአፈር መንገድ ፋንታ ኮብልስቶንና አስፋልት ሲመጣ ዝናቡ ወደ መሬት መስረግ ትቶ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የጥንቱ ቦይ የተሰላው ለዚህ አይደለም።

ከአገር ወጥተን ብናይ የዮርዳኖሷ ፔትራ ትምህርት ትሰጣለች። ያንን ከተማ ከቋጥኝ የፈለፈሉት ናባጣውያን የሸለቆውን ጎርፍ በግድብና በዋሻ ወደ ሌላ አቅጣጫ መልሰው ነበር። ያ ሥራ ፈርሶ ተረሳ። እ.ኤ.አ. በ1963 ድንገተኛ ጎርፍ በጠባቡ መግቢያ ገብቶ ከ20 በላይ ጎብኚዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ነው ግድቡ በቀድሞ ቦታው እንደገና የተሠራው። በአገራችንም የጎንደሩ የፋሲለደስ መጠመቂያ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ቦይ ነው፤ ቦዩ ካልተጠረገ በዓሉ ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ይጠረጋል። የላሊበላ ቦይ ዕድለ ቢስ የሆነው ሲደፈን ወዲያው የሚቀር በዓል ስለሌለ ነው። ጉዳቱ ዘግይቶ፣ በልጅ ልጅ ዘመን ነው የሚታየው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ ጎልጎታ ሚካኤል በቅርብ ዓመታት በዓለም ሐውልቶች ፈንድና በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ሲጠገኑ በኖራ ምርጊት የሚሠሩ የአካባቢው ባለ ሙያዎች ሠልጥነዋል። ስንጥቅን በሲሚንቶ ሳይሆን እንደ ድንጋዩ በሚተነፍስ ነገር መድፈን የሚያውቁ እጆች ዛሬ ላሊበላ ውስጥ አሉ። እነዚህ እጆች ለቦዩም ያስፈልጋሉ።

መደረግ ያለበት ብዙ ምስጢር የለውም። የቦዮቹ ሙሉ ካርታ ከነዝንባሌያቸው ተነሥቶ በደብሩም በቅርስ ባለሥልጣንም እጅ ይቀመጥ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ ደለሉ ይጠረግ፤ ሥራው ደመወዝ ያለው ቋሚ ሠራተኛ ይኑረው፤ በበጎ ፈቃድና በዘመቻ አይተው። ከላይ ከከተማው የሚመጣው ጎርፍ ቅጥሩ ከመድረሱ በፊት የሚዞርበት መስመር ይሠራ። በክረምት በየግቢው ውሃ የሚቆምበትን ቦታ ካህናቱ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ከመሐንዲሱ በፊት እነሱ ይጠየቁ። መጠለያዎቹ የሚነሱበት ቀን ሲመጣም፣ ቦዩ መሥራቱ ቢያንስ በአንድ ሙሉ ክረምት ሳይፈተሽ አንድ ምሰሶ እንዳይነቀል። ለላሊበላ የሚመጣው ቀጣዩ የጥገና ገንዘብ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ ለቦዩ እንዲመደብ የሚመለከታችሁ ሁሉ ጠይቁ።